የወንጀል ተጎጂ መብት፦ ከፖሊስ ጣቢያ እስከ አመክሮ

በወንጀል ችሎት ፊት ለፊት የሚሟገቱት ሁለት ወገኖች ናቸው፤ በአንድ በኩል ዐቃቤ ሕግ፣ በሌላ በኩል ተከሳሽ። የተደበደበው፣ የተዘረፈው፣ የተደፈረችው ወይም ልጁ የተገደለበት ሰው ከሁለቱም አይቆጠርም። በመዝገቡ ላይ «የግል ተበዳይ» ተብሎ ይጠቀሳል፤ መጥሪያ ሲደርሰው ቀርቦ ይመሰክራል፤ ከዚያ ወደ ቤቱ ይሸኛል። ክሱ የመንግሥት ነው፤ ዐቃቤ ሕጉም የሚቆመው ለሕዝብ ጥቅም እንጂ የተበዳዩ ጠበቃ ሆኖ አይደለም። ብዙ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ከሰጠ በኋላ «ከስሻለሁ» ብሎ ይጠብቃል። ወራት አልፈው ጉዳዩ የት እንደደረሰ ሲጠይቅ ግን መዝገቡ መዘጋቱን፣ ተጠርጣሪው በዋስ መውጣቱን፣ አንዳንዴም ፍርዱ ከተሰጠ መሰንበቱን ከጎረቤት ይሰማል።

ተጎጂ ማን እንደሆነ ሰፋ አድርጎ የተረጎመው የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 1985 ያጸደቀው መግለጫ ነው። በዚህ መግለጫ መሠረት ተጎጂ የሚባለው በወንጀል አካሉ፣ አእምሮው፣ ንብረቱ ወይም መሠረታዊ መብቱ የተጎዳ ሰው ነው። የቅርብ ቤተሰቡ፣ በእሱ እጅ የሚተዳደሩ ሰዎች፣ እሱን ለማዳን ገብተው የተጎዱም ይጨመራሉ። ወንጀለኛው ባይታወቅ፣ ባይያዝ ወይም ባይፈረድበት እንኳ ተጎጂው ተጎጂነቱ አይቀርም። መግለጫው ለተጎጂ በክብር መስተናገድንና ወደ ፍትሕ መቅረብን፣ ከጥፋተኛው የሚገኝ ካሳን፣ ጥፋተኛው መክፈል ካልቻለ ደግሞ መንግሥት የሚሰጠውን ካሳ፣ እንዲሁም የሕክምና፣ የሥነ ልቦናና የማኅበራዊ ኑሮ ድጋፍን ይጠይቃል። ከእነዚህ ጋር ተጎጂው በጉዳዩ ውስጥ ያለው ድርሻ፣ የጉዳዩ አካሄድና ውጤት እንዲነገረው ያዛል። ከሁሉም አነስተኛ ወጪ የሚጠይቀው ይህ የማወቅ መብት ነው፤ በኢትዮጵያ የፍትሕ ሥርዓት ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የሚጎድለውም ይኸው ነው።

ጉዳዩ የተበዳዩ በነበረበት ዘመን

በቀድሞው የኢትዮጵያ ሥርዓት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ተበዳዩ ራሱ ከሳሽ ነበር። በደለኛውን ዳኛ ፊት የሚያቀርበው፣ ዋስ የሚያስጠራው፣ በችሎት የሚሟገተው እርሱ ነው፤ ፍርድ እስኪሰጥ ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ አንድ ላይ የሚታሰሩበት ልማድም ነበር። ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደሆነ የአካባቢው ሰው ለአውጫጭኝ ይሰበሰባል። ሰው በተገደለ ጊዜ የሟች ዘመዶች የደም ካሳ ተቀብለው ይታረቃሉ፣ አለዚያም ሞት ያስፈርዳሉ። ፍርዱን በራሳቸው እጅ እንዲፈጽሙ ይፈቀድላቸው የነበረበት ጊዜም አለ።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና በ1954 ዓ.ም. የተከተለው የሥነ ሥርዓት ሕግ ይህን ገጽታ ለወጡት። የመጀመሪያውን ያረቀቀው ስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ነበር፤ የሥነ ሥርዓቱ ሕግ የመጨረሻ መልክ የያዘው ግን በእንግሊዛዊው ዳኛ በሰር ቻርልስ ማቲው እጅ ነው። የክርክሩ አካሄድ በአመዛኙ የእንግሊዞቹን መንገድ ስለተከተለ፣ መንግሥት ከሳሽ ተጎጂ ደግሞ ምስክር ሆነ። ለውጡ ትልቅ ጥቅም ነበረው። ደም መመለስ ከቤተሰብ እጅ ወጥቶ ቅጣት በሕግ ሚዛን ተለካ፤ ደካማው ኃይለኛውን ብቻውን ከመጋፈጥ ዳነ። ነገር ግን ተበዳዩ ባለጉዳይነቱን ሲነጠቅ በምትኩ ምን እንደሚሰጠው በግልጽ አልተነገረም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም ቢሆን በአንቀጽ 19 የተያዙ ሰዎችን፣ በአንቀጽ 20 የተከሰሱ ሰዎችን መብት አንድ በአንድ ሲዘረዝር ለወንጀል ተጎጂዎች ራሱን የቻለ አንቀጽ የለውም። ተጎጂው የሚደገፈው ፍትሕ የማግኘት መብትን በሚናገረው አንቀጽ 37 እና ሴቶችንና ሕፃናትን በሚመለከቱት ድንጋጌዎች ነው። የተከሳሽ መብት መዘርዘሩ ተገቢ ነው፤ የአንዱ መብት መከበር የሌላውን ዝም ማለት አይጠይቅምና።

አቤቱታና የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

ወንጀል መፈጸሙን ማንም ሰው ለፖሊስ ማመልከት ይችላል። አንዳንድ ወንጀሎች ግን ያለ ተበዳዩ የግል አቤቱታ አያስከስሱም። ስድብና ስም ማጥፋት፣ ቀላል የአካል ጉዳት፣ አመንዝራነት ከእነዚህ መካከል ናቸው። በ1996 ዓ.ም. ታውጆ ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ለዚህ ዓይነቱ አቤቱታ የሦስት ወር ጊዜ ይሰጣል፤ የሚቆጠረውም ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ ነው። «ሽማግሌ ይየው» እየተባለ ሦስቱ ወር ሲያልፍ የመክሰስ መብት ይቋረጣል፤ ይህን የሚያውቁ ባለጉዳዮች ብዙ አይደሉም። አስገድዶ መድፈር፣ ጠለፋ፣ ከባድ የአካል ጉዳትና ነፍስ ግድያ ግን በአቤቱታ ላይ የተንጠለጠሉ ወንጀሎች አይደሉም። ተበዳዩ ቢተውም መንግሥት ሊተው አይገባም።

ተጎጂው ለፖሊስ የሚሰጠው ቃል በኋላ የመዝገቡ ምሰሶ ይሆናል። ቃሉ ተጽፎ ሲያበቃ እንዲነበብለት መጠየቅ፣ የተሳሳተውን ማሳረም፣ ከዚያ በኋላ መፈረም ይገባዋል። በአካል ጉዳትና በፆታ ጥቃት ጊዜ ደግሞ ሰዓታት ዋጋ አላቸው። የተደፈረች ሴት ልብሷን ሳትለውጥና ሳትታጠብ ወደ ሆስፒታል ብትሄድ ለማስረጃው ይጠቅማል። ከማስረጃው በላይ የሚያስቸኩለው ግን ጤናዋ ነው፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ እርግዝናን የሚከላከለውም ቶሎ ሲወሰድ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ደረጃ ተጎጂዋን ከቢሮ ቢሮ ሲያንከራትታት ኖሯል። ለፖሊስ የተናገረችውን ለሐኪም፣ ለሐኪም የተናገረችውን ለዐቃቤ ሕግ፣ ቀጥሎም ለማኅበራዊ ሠራተኛ ደግማ ትናገራለች፤ በእያንዳንዱ ንግግር ቁስሉ ይነካል። ይህን ለማስቀረት የተቋቋሙት የአንድ ማዕከል አገልግሎት የሚሰጡ ክፍሎች ናቸው። በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተከፈተው ማዕከል ሐኪሙን፣ የሥነ ልቦና ባለሙያውን፣ መርማሪ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን በአንድ ግቢ ያገናኛል፤ ሌሎች ከተሞችም ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። ከጥቃት ሸሽታ የመጣች ሴት ወደ ደበደባት ሰው ቤት እንዳትመለስ የሚያስጠልሉ መጠለያዎችም አሉ። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር በዚህ ሥራ ቀደም ካሉት ድርጅቶች አንዱ ነው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ነፃ የሕግ ምክርና ጥብቅና ይሰጣል።

የዚህ ማኅበር መሥራች የነበሩት፣ በኋላም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ማኅበሩን ሲመሩ ማኅበሩ የቆመላት አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። ልጅቷ ለጋብቻ ተብላ ተጠለፈች፤ ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን ገደለች፤ በነፍስ ግድያም ተከሰሰች። ከረጅም ክርክር በኋላ ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ ነፃ ወጣች። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ2014 «ድፍረት» በተባለው ፊልም ለብዙዎች ደርሷል። በዚያ ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949ኙ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕጋዊ መንገድ ካገባት ከክስ ነፃ ያደርገው ነበር። የ1996ቱ ሕግ ይህን አንስቶታል፤ ጋብቻ መፈጸሙ ጠላፊውን ከቅጣት አያድነውም። ለተጎጂዎች መብት በኢትዮጵያ ከተወሰዱት እርምጃዎች መካከል ይህን የሚያህል ጥቂት ነው። ማኅበሩን የመሰሉ ድርጅቶች ግን በ2001 ዓ.ም. በወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 621 ክፉኛ ተዳከሙ። አዋጁ በመብት ላይ የሚሠራ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከአሥር በመቶ እንዳይበልጥ አድርጎ ነበር። ገደቡ የተነሣው በ2011 ዓ.ም. አዲስ አዋጅ ሲወጣ ነው፤ በመካከሉ ባሉት አሥር ዓመታት ጠበቃ ማቆም ሳይችሉ የቀሩት ድሆች ተበዳዮች ነበሩ።

ዐቃቤ ሕግ «አልከስም» ሲል

ምርመራው ተጠናቅቆ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ሲቀርብ ከሁለት አንዱ ይሆናል፤ ክስ ይመሠረታል፣ ወይም «በቂ ማስረጃ የለም» ተብሎ ይዘጋል። ለተጎጂው እጅግ አስፈላጊ የሆነው የ1954ቱ ሕግ ክፍል እዚህ ላይ ይገኛል። ዐቃቤ ሕግ አልከስም ሲል ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት። ወንጀሉ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ከሆነ፣ ማስረጃ አይበቃም ያለው ዐቃቤ ሕግ ለተበዳዩ በግሉ እንዲከስስ ፈቃድ ይሰጠዋል። ወንጀሉ ከዚያ ውጭ ከሆነ ደግሞ ተበዳዩ ውሳኔው በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት አመልክቶ ዐቃቤ ሕጉ እንዲከስስ ትእዛዝ መጠየቅ ይችላል። በተበዳዩ ፋንታ የትዳር ጓደኛው ወይም ሕጋዊ ወኪሉ ሊያመለክቱ ይችላሉ። የግል ክስ የሚያቀርብ ሰው ወጪውንና ኃላፊነቱን ራሱ ይሸከማል። ፍርድ ቤቱም ክሱን ከማንበቡ በፊት ሁለቱን ወገኖች ለማስታረቅ ይሞክራል፤ ከታረቁ ስምምነቱ ተመዝግቦ እንደ ፍርድ ይቆጠራል።

አሥራ አምስት ቀን አጭር ጊዜ ነው፤ ውሳኔው ላልተነገረው ሰው ደግሞ ከነጭራሹ አይጀምርም፣ ወይም ሳያውቀው ያልፋል። የተዘጋ መዝገብ ቅጂ በተበዳዩ እጅ ካልገባ የይግባኙ በር በሕጉ ገጽ ላይ ብቻ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ተጎጂው ቃሉን በሰጠ ዕለት የመዝገቡን ቁጥርና የመርማሪውን ስም መያዝ፣ ስልኩና አድራሻው በመዝገቡ መጻፉን ማረጋገጥ፣ ከዚያም ዐቃቤ ሕግ ዘንድ እየቀረበ ውሳኔውን በጽሑፍ መጠየቅ ይጠቅመዋል። ይህ ሸክም በእርሱ ላይ መውደቁ ትክክል አይደለም፤ መዝገቡን የያዘው መሥሪያ ቤት ነው ሊያሳውቀው የሚገባው።

በዋስትና ላይም ተጎጂው የሚለው አለ። ተጠርጣሪው ምስክሮችን የሚያባብል ወይም ማስረጃ የሚያጠፋ መሆኑ ከተገመተ ዋስትና ሊከለከል እንደሚችል ሕጉ ይደነግጋል። ዛቻ የደረሰበት ሰው ዛቻውን ቶሎ ለፖሊስ ወይም ለዐቃቤ ሕግ ካላስታወቀ ዳኛው የሚያውቅበት መንገድ የለም። ይህ በተለይ ደብዳቢውና ተደብዳቢዋ በአንድ ጣሪያ ሥር በሚኖሩበት ጊዜ ያሳስባል። ብዙ አገሮች ደብዳቢው ወደ ቤት እንዳይቀርብ፣ እንዳይደውልና እንዳይከታተል የሚያዝ የፍርድ ቤት የጥበቃ ትእዛዝ አላቸው። በኢትዮጵያ ለዚህ ራሱን የቻለ ሕግ ሳይወጣ በመቆየቱ ብዙ ሴቶች ከዋስትናው ማግስት ተመልሰው ከደብዳቢው ፊት ይቆማሉ።

በምስክር ሳጥኑ ውስጥ

በ2003 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 በዚህ በኩል ትልቅ እርምጃ ነበር። አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እሥራት ወይም ሞት በሚያስቀጡ ወንጀሎች የመሰከረ ወይም የጠቆመ ሰው የአካል ጥበቃ ሊደረግለት፣ ሌላ ቦታ ሊዛወር፣ ማንነቱ ሊሸሸግ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ወይም በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ሊመሰክር ይችላል። ጥበቃው ለቤተሰቡም ይደርሳል። የወንጀል ተጎጂ በዚህ አዋጅ ጥላ ሥር የሚገባው ግን ተጎጂ በመሆኑ አይደለም፤ ምስክር ወይም ጠቋሚ ሆኖ ሲገኝ ነው። የማይመሰክር ተጎጂ፣ ወይም ጉዳዩ ከአሥር ዓመት በታች የሚያስቀጣ ሰው፣ ዛቻው የቱንም ያህል ቢከብድ በአዋጁ አይሸፈንም።

ለሕፃናት የተዘረጋው አሠራር የተሻለ ነው። በአዲስ አበባ በልደታ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለተጎጂ ሕፃናት በተዘጋጀው ችሎት ሕፃኑ ዳኛና ተከሳሽ ፊት አይቆምም። በተለየች ክፍል ከማኅበራዊ ሠራተኛ ጋር ይቀመጣል፤ ድምፁና ምስሉ በቴሌቪዥን መስመር ወደ ችሎቱ ይተላለፋል። የዐቃቤ ሕጉንና የጠበቃውን ጥያቄ ባለሙያዋ ተቀብላ ለዕድሜው በሚስማማ ቋንቋ ትጠይቀዋለች። ተከሳሹ ምስክርነቱን የመስማትና የመጠየቅ መብቱ ሳይነካ ሕፃኑ ከፍርሃት ይጠበቃል። ለአዋቂ የፆታ ጥቃት ተጎጂዎችም ሕገ መንግሥቱ የግል ሕይወትንና የሕዝብ ሞራልን ለመጠበቅ ሲባል ችሎት በዝግ እንዲካሄድ ይፈቅዳል። ተጎጂዋ ችሎቱ በዝግ እንዲሆንላት በዐቃቤ ሕጉ በኩል ማስጠየቅ ትችላለች።

ካሳ፦ የተረሱት አንቀጾች

ሰው ሲጎዳ የሚያጣው ብዙ ነው። የሕክምና ወጪ፣ ሥራ ሳይሠራ የቆየበት ቀን፣ የጎደለ አካል፣ የተዘረፈ ዕቃ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ሞት አለ። ተከሳሹ አሥር ዓመት ቢታሰር ከእነዚህ አንዱም አይመለስም። ኢትዮጵያ ለዚህ ከስድሳ ዓመት በፊት መፍትሔ አዘጋጅታለች። በ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 154 ጀምሮ እንደተጻፈው፣ ተበዳዩ ወይም ወኪሉ የወንጀሉ ክርክር ሲከፈት የካሳ ጥያቄውን ለዚያው ችሎት ማቅረብ ይችላል። የተከሳሹ መከላከያ ከመሰማቱ በፊት ዐቃቤ ሕጉም ስለ እርሱ ሆኖ ሊያመለክት ይችላል። የዳኝነት ገንዘብ አይከፈልበትም፤ የካሳውን ዓይነትና ልክ መግለጽ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ጥያቄው ከተፈቀደ ተበዳዩ ከምስክርነት ወጥቶ ተከራካሪ ይሆናል፤ ማስረጃ ያቀርባል፣ ይጠይቃል፤ ጥፋተኝነቱ ሲረጋገጥ ዳኛው ቅጣቱንና ካሳውን በአንድ ላይ ይወስናል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101ም ይህንኑ ያጸናል።

ይህ ድንጋጌ በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ውስጥ ለተጎጂ ከተሰጡት መብቶች ሁሉ የሚልቀው ነው፤ በችሎቶች ግን እምብዛም አይታይም። ተበዳዩ አያውቀውም፤ ዐቃቤ ሕጉ በሥራ ብዛት አያነሣውም፤ ዳኛውም የወንጀሉ መዝገብ እንዳይጓተት ይሻል። ፍርድ ቤቱ ጥያቄውን የማይቀበልባቸው ምክንያቶችም በሕጉ ተዘርዝረዋል። ተከሳሹ ወጣት ጥፋተኛ ከሆነ፣ በሌለበት የሚታይ ከሆነ፣ ተበዳዩ ቀድሞ በፍትሐ ብሔር ከከሰሰ፣ ወይም የተበዳዮቹ ቁጥር በዝቶ ክርክሩን የሚያደናግርና የሚያዘገይ ከሆነ ጥያቄው ይመለሳል።

ተከሳሹ በነፃ ሲለቀቅ ፍርድ ቤቱ በካሳው ላይ አይወስንም፤ ለተበዳዩ በፍትሐ ብሔር መክሰስ እንደሚችል ሊነግረው ግን ይገባል። በወንጀል ነፃ መውጣት የፍትሐ ብሔሩን ዳኛ እንደማያስር የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2149 በግልጽ ይናገራል። ለዚህ ክስ የተሰጠው ጊዜ በመደበኛው ሁለት ዓመት ነው፤ ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ ሆኖ ለወንጀሉ የተወሰነው የይርጋ ጊዜ ከዚህ ከረዘመ ረጅሙ ይሠራበታል። የኅሊና ጉዳት ካሳን በተመለከተ ግን ይኸው ሕግ አሳዛኝ ነው። በአንቀጽ 2116 የተቀመጠው ጣሪያ 1,000 ብር ነው። አንድ የአሜሪካ ዶላር በሁለት ብር ተኩል ገደማ በሚመነዘርበት ዘመን ይህ የሚናቅ ገንዘብ አልነበረም። ዛሬ ልጁን ለተነጠቀ አባት ወይም ለተደፈረች ሴት ይህን ቁጥር ማንበብ ሌላ በደል ነው፤ መሻሻል የሚገባው ከብዙ ጊዜ በፊት ነበር።

ጥፋተኛው ድሃ ሲሆን ወይም ሲሰወር የካሳው ጥያቄ ወደ መንግሥት ይዞራል። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 ለወንጀል ተጎጂዎች ከመንግሥት ካዝና ካሳ የሚከፍል ሕግ በማውጣት ቀዳሚ ሆነች፤ ብሪታንያ በቀጣዩ ዓመት ተከተለቻት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመው የተጎጂዎች ፈንድ የሚሞላው በፌዴራል ወንጀል ከተፈረደባቸው ሰዎችና ድርጅቶች በሚሰበሰብ መቀጮ እንጂ ከግብር አይደለም። በዚያው አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን የሚመለከት ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ሕግ የከባድ ወንጀል ተጎጂ ሆኖ ፖሊስን የተባበረ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው «ዩ ቪዛ» እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ በዓመት የሚሰጠው ለ10,000 ዋና አመልካቾች ብቻ ነው። ወረቀት የለኝም ብሎ ጥቃትን ለዝምታ የሰጠ ሰው ይህን ማወቁ ይጠቅመዋል።

የኢትዮጵያ ወንጀል ሕግም በአንቀጽ 102 ለዚህ የሚሆን መነሻ አለው። ካሳው ከጥፋተኛው እንደማይገኝ ሲታይ፣ ከተወረሰ ንብረት ሽያጭ፣ ከመቀጮው ወይም ከዋስትና ገንዘቡ ለተበዳዩ እንዲከፈል ፍርድ ቤቱ ሊያዝ ይችላል። ለሁሉም ወንጀል የሚያገለግል የተጎጂዎች ፈንድ ግን አልተቋቋመም። የተቋቋመው ለተለዩ ጉዳዮች ነው። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ገጭቶ በተሰወረ ወይም መድን በሌለው መኪና ለተጎዳ ሰው ካሳ የሚከፍል የመድን ፈንድ አለው፤ ለድንገተኛ ሕክምናም አዋጁ ሲወጣ እስከ 2,000 ብር ፈቅዷል። በሰው መነገድን የሚከላከለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ደግሞ ለዚህ ወንጀል ተጎጂዎች መርጃ የሚሆን ፈንድ ይደነግጋል፤ በደላሎች ተታልለው ወደ ዓረብ አገሮች ሄደው ባዶ እጃቸውን ለተመለሱ ወገኖች የታሰበ ነው። ገጭቶ ለሮጠ መኪና ፈንድ ያሰበ አገር በስለት ለተወጋ ሰው ማሰብ አያቅተውም።

ተጎጂዎቹ እልፍ ሲሆኑ

የተበዳዮች ቁጥር ክርክሩን የሚያደናግር ከሆነ ጥያቄው ይመለሳል የሚለው ድንጋጌ በቀይ ሽብር ዓይነት ወንጀል ፊት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ይታያል። በደርግ ባለሥልጣናት ላይ በ1987 ዓ.ም. የተጀመረው ክርክር ለጥፋተኝነት ፍርድ የበቃው በ1999 ዓ.ም. ነው። የሟች ቤተሰቦችና ከእሥር የተረፉ ሰዎች ቀርበው መሰከሩ፤ በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ አጠገብ የሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ተከፈተ። አንዳንዶች ግን የተሟላ ድምፅ ያገኙት በሰው አገር ችሎት ነው። በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ አትላንታ ውስጥ በሆቴል ሲሠራ፣ በእርሱ ትእዛዝ ከተሠቃዩት አንዷ በዚያው ሆቴል ተቀጥራ አወቀችው። ሦስት ኢትዮጵያውያት እ.ኤ.አ. በ1990 በፍትሐ ብሔር ከሰሱት፤ ፍርድ ቤቱም ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር እንዲከፍል ፈረደ። የይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1996 አጸናው፤ ሰውዬው በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ። ኔዘርላንድ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 እሸቱ ዓለሙ በጎጃም በፈጸመው የጦር ወንጀል፣ በደብረ ማርቆስ 75 እሥረኞች መገደላቸውን ጨምሮ፣ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። የደች ሕግ ተጎጂ በችሎት ፊት ወንጀሉ በሕይወቱ ላይ ያደረሰውን እንዲናገር መብት ስለሚሰጥ፣ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ተበዳዮች በራሳቸው አንደበት ተናገሩ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም ለተጎጂዎች ካሳና ማካካሻን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጓል።

ከጥፋተኝነት ፍርድ በኋላ

በኢትዮጵያ ችሎት ጥፋተኝነት ከተወሰነ በኋላ ስለ ቅጣቱ የሚጠየቁት ዐቃቤ ሕጉና ተከሳሹ ናቸው፤ ተበዳዩ አይጠየቅም። በተዘዋዋሪ የሚገባበት አንድ መንገድ አለ። ጥፋተኛው ከልቡ ተጸጽቶ ተበዳዩን ከረዳ ወይም ጉዳቱን በተቻለው መጠን ከካሰ ቅጣቱ እንደሚቀልለት የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ይደነግጋል። ሽምግልና በወንጀል ጉዳይ ገብቶ ቦታ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። የእርቁ ወረቀት የክሱን በር አይዘጋም፤ ለቅጣት ማቅለያ ግን ይቀርባል። በሰው ግድያ ጊዜ ሽማግሌዎች ደም ማድረቃቸው የበቀልን ሰንሰለት እንደሚበጥስ የታወቀ ነው፤ ዕሥራት ብቻውን የማይሠራውን ይሠራል። በመደፈርና በጠለፋ ጊዜ ግን እርቁን የሚነጋገሩት አባቶችና አጎቶች ሲሆኑ፣ ካሳውን የሚቀበለውም ቤተሰቡ ነው። ልጅቷ የት እንደተቀመጠች እንኳ የማይጠየቅበት እርቅ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ለባህላዊና ሃይማኖታዊ ዳኝነት የፈቀደው የግልና የቤተሰብ ጉዳይን፣ ያውም በተከራካሪዎች ፈቃድ ነው፤ ከባድ ወንጀልን አይጨምርም።

የመጨረሻው ደረጃ አመክሮ ነው። ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰ እሥረኛ በአመክሮ ሊፈታ የሚችለው ጠባዩ መሻሻሉ ሲታወቅ ነው፤ ከዚህም ጋር ፍርድ ቤት የወሰነውን ወይም ከተበዳዩ ጋር የተስማማበትን ጉዳት አቅሙ በፈቀደ መጠን መካሱ ይጠየቃል። ይህ የአንቀጽ 202 ቃል ለተበዳዩ ጠንካራ መያዣ ነው፤ የሚሠራው ግን በፍርዱ ላይ የካሳ ልክ ከተጻፈ ብቻ ነው። በክርክሩ መጀመሪያ ካሳ ካልተጠየቀ፣ ከዓመታት በኋላ አመክሮውን የሚመረምረው አካል «ካሰሃል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅበት ቁጥር አያገኝም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው መመሪያ ተጎጂ ከጠየቀ ጥፋተኛው ከእሥር የሚወጣበት ጊዜ እንዲነገረው አባል አገሮችን ያስገድዳል። በኢትዮጵያም ይህን ለመጀመር ብዙ አያስፈልግም፤ የተበዳዩ ስልክ ቁጥር በፖሊስ መዝገብ ላይ ተጽፎ፣ መዝገቡ ከፖሊስ ወደ ዐቃቤ ሕግ፣ ከፍርድ ቤት ወደ ማረሚያ ቤት ሲሄድ አብሮት መሄድ፣ በየደረጃውም የሚደውል ኃላፊ መመደብ ይበቃል።